ኳስ ያለበት ቀን

የያዙኝ ጎንደር አራዳ፣ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። የመንፈቀ ዓመቱን የእንግሊዝኛ ፈተና እያባዛሁ ነበር። ማሽኑ ሦስተኛውን ገጽ እየተፋ ሳለ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኜ ቆሙና አንደኛው በትሕትና፣ «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አለኝ። የቤቱ ባለቤት «ወረቀቱን ላስቀምጥልህ?» ስትለኝ «አዎ፣ እመለሳለሁ» አልኳት። ሰውየው እየዋሸኝ እንደሆነ ከእኔ ቀድሞ የገባት ለእሷ ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ያቺ አምስት ደቂቃ አምስት ወር ሆነች።

የመጋዘኑን ውስጥ ከማየቴ በፊት አሸተትኩት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ ቀድሞ ማዳበሪያ ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት የማዳበሪያው ቅሪት፣ የሽንትና የሰው ላብ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ አስመለስኩ። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው አዩኝ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተቆጣም። ቆብ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ አንድ ሰው በተረከዛቸው እየተራመዱ መጡና ያስመለስኩት ላይ አፈር በተኑበት። «አይዞህ፣ ሁላችንም እንደዚሁ ነው የገባነው። ከሦስት ቀን በኋላ አይሸትህም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽታው ጠፋብኝ፤ ይሄ ደግሞ ከሽታው የባሰ አስጠላኝ።

እኒህን ሰው ሁላችንም ሐጂ ነበር የምንላቸው። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጎንደር የነገዱ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ እሳቸውም አራዳ ጫማ ይሸጣሉ። ወንጀላቸው ጫካ የገቡት ሰዎች የሚያደርጉትን ሸራ ጫማ በብዛት መሸጥ ነው። «ለማን ሸጥክ?» ሲባሉ «እግር ላለው ሁሉ» ብለው መለሱ። በዚች መልስ የተነሣ ውስጥ እግራቸውን ገረፏቸው፤ በተረከዝ የሚራመዱት ለዚህ ነው። የኔ ወንጀል ደግሞ ለውጭ አገር ሬዲዮ መረጃ ማቀበል ነበር። እንግሊዝኛ ማስተማሬ ለማስረጃነት በቃ። ስልኬን በረበሩት፤ ምንም ሲያጡበት «አጥፍተኸው ነው» አሉኝ። ከማንም ሬዲዮ ጋር ተነጋግሬ አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው ብነጋገር ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የሠራሁትን ባወቅሁ።

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ከዳባት በላይ ካለ ደጋ የመጡ ገበሬ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ «አያ» ነበር የምንላቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነው። ልጁን ያጡት ሰዎች አባቱን ይዘው መጡ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። አያ በመታሰራቸው ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። ብርዱን ቻሉት፣ ቁንጫውን ቻሉት፣ የደረቀውን ቂጣ ቻሉት። ያልቻሉት አንድ ነገር ሰው ፊት መጸዳዳትን ነው።

በክፍሉ ጥግ አንድ የቀለም ባልዲ አለ። የሠላሳ ሰው ነገር ሁሉ እዚያ ነው። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ስድስት ስድስት እያደረጉ ወደ ጓሮ ያወጡናል። እዚያ ያለው በርም ከለላም የሌለው አንድ ረጅም ጉድጓድ ነው፤ ዳሩ ላይ ጎን ለጎን ቁጢጥ እንላለን፣ ጠባቂው ከፊታችን ቆሞ «ቶሎ በሉ» ይለናል። እኛ ከተሜዎቹ በሁለት ቀን ለመድነው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፤ ይህን ሲሉ ሰዎች እንደ ምስጋና አድርገው ይሉታል፣ እኔ ግን እንደ ስድብ ነው የምሰማው። አያ በአገራቸው ወግ ያደጉ ናቸው። እሳቸው አገር ትልቅ ሰው ለዚህ ጉዳይ የሚነሣው ማንም ሳያየው፣ ገደል ለገደል ወርዶ ነው። ልጁ ወይም አማቹ ሊያየው ቀርቶ መሄዱን እንኳ ማወቅ የለበትም። ስለዚህ ጉድጓዱ ዳር ይቆማሉ፣ ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ፣ ይመለሳሉ። ባልዲውንማ ዞር ብለው አይተውት አያውቁም።

ያገኙት መፍትሔ አለመብላት ነበር። ቂጣውን ተቀብለው አጠገባቸው ላለው ያሳልፋሉ፣ በውኃው ከንፈራቸውን ብቻ ያረጥባሉ። ሆዳቸው ተነፋ፣ ሲነሡና ሲቀመጡ ማቃሰት ጀመሩ። አንድ ቀን ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እኒህ ሰው በሀፍረት ሊሞቱ ነው» አሉኝ። ማጋነን መስሎኝ ነበር። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ግን አመንኩ።

የአፍሪካ ዋንጫ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። የመጋዘኑ አዛዥ ኳስ ከተባለ ነፍሱን አያውቅም። ነገር ግን ኢንተርኔት ከተዘጋ ወራት ሆኖታል፤ መብራትም የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። የቀረችው አንዲት በባትሪ የምትሠራ ሬዲዮ ናት። አንቴናዋን በሽቦ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር አስሮ ሲጎረጉር ውሎ ጨዋታውን በቀጥታ የሚያስተላልፍ አንድ የውጭ ጣቢያ አገኘ። ጣቢያው የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። አዛዡ ከእንግሊዝኛ የሚለያት «ጎል» የምትለዋን ብቻ ናት።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በሩ ተከፈተና ተጠራሁ። ለምርመራ መስሎኝ ሐጂን ተሰናበትኳቸው። አዛዡ ደጅ ፀሐይ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሌላ ባዶ ወንበር አለ። ሬዲዮዋን በጣቱ አሳየኝና «በል፣ የሚለውን ንገረኝ» አለ። ለውጭ ሬዲዮ ተናግረሃል ብለው ያሰሩኝ ሰዎች የውጭ ሬዲዮ አስተርጓሚ አደረጉኝ። ነገሩን ያነሣ ማንም አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም።

የዚያን ዕለት አዛዡ የሚደግፈው ቡድን አሸነፈ። ደስ ሲለው አየሁና ደፈርኩ።

«አንድ ሽማግሌ አሉ» አልኩት። «ብቻቸውን ወደ ጓሮ ቢወጡልን፤ ጠባቂውም ፊቱን ቢያዞርላቸው።»

«ይቺ ብቻ? እኔኮ ስልክ ልደውል ትላለህ ብዬ ነበር።» ጥቂት አሰበ። «ኳስ ባለ ቀን ይወጣል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ አንተ ሥራህን ስትጨርስ።»

አያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቻቸውን ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት መሰለኝ። ተቀመጡና ቂጣ ጠየቁ። ሐጂ «አልሐምዱ ሊላህ» አሉ፤ ሌላው ሰው ምንም እንዳላየ ሰው ወሬውን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ አያ የኳስ ሰው ሆኑ። በሕይወታቸው አንድም ጨዋታ አይተው አያውቁም፤ ስንት ሰው እንደሚጫወትም አያውቁም። የጨዋታውን ቀን ግን ከአዛዡ እኩል ያውቁት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ይጠይቁኛል።

«ልጄ፣ ዛሬ ይጫወታሉ?»

«ይጫወታሉ፣ አያ።»

«ሸጋ። ነገሳ?»

«ነገም አለ።»

«ተነገ ወዲያስ?»

«ዕረፍት ነው።»

«ምነው? ምን ሠሩና ነው የሚያርፉት? አርሰው ነው?»

ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ዕረፍት በሆነ ዕለት ግን እህል አይቀምሱም።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ያንን ሰዓት ወደድኩት። ፀሐይ ነበር፣ ወንበር ነበር፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ነበር። ሻዩን የሚያቀብለኝ ጠባቂ የሐጂን እግር የገረፈው ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ብርጭቆው ግን ይሞቅ ነበር። መጀመሪያ ቃል በቃል፣ በቀዘቀዘ ድምፅ እተረጉም ነበር። ቀስ በቀስ ድምፄን ማንሣት፣ የተጫዋቹን ስም መጎተት፣ ሬዲዮዋ ስታጓራና ሳይሰማኝ ሲቀር ደግሞ ከራሴ እየጨመርኩ መሙላት ጀመርኩ። ጠባቂዎቹ ከየቦታቸው መጥተው ይከቡኛል። አዛዡ ትከሻዬን እየመታ፣ «መምህር፣ አንተኮ ሬዲዮ ነው መግባት የነበረብህ» ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር። «ለአያ ብዬ ነው» እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ሻዩ ነው። ከእስሩ ሁሉ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ ባልዲው ሳይሆን ይህ ነው።

የምነግራችሁ ቀን የመጣው ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ነው። አያ ሁለቱን ቀን ጾመው ነበር። «ዛሬ አለ» ስላቸው ጠዋት ቂጣቸውን ሙሉውን በሉ፤ ውኃም ጠጡበት። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስጠራ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በሩ አጠገብ ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። ሆዳቸውን ይዘው ነበር። «ቶሎ የሚያልቅ ነው ወይ?» አሉኝ። የአንድ ሰዓት ከምናምን ጉዳይ ነው አልኳቸው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ደረቅ ጨዋታ ነበር፤ ጎልም አልገባ። አጋማሹ አልቆ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ጣቢያው እንደ ልማዱ አጭር ዜና ማንበብ ጀመረ። ዜና ሲመጣ አዛዡ ድምፁን ይዘጋዋል። ያን ዕለት በአንድ እጁ ሻይ በአንድ እጁ ዳቦ ይዞ ስለ ነበር አልደረሰበትም። የአገራችን ስም ተጠራ። ቀጥሎ የጎንደር ስም ተጠራ። ሁሉም ቀና አሉ።

«ስለ እኛ ነው» አለ አዛዡ። «ምን አለ?»

ሐጂ ሁልጊዜ «ዝም አይነቅዝም» ይሉኝ ነበር። ዝም ማለት እችል ነበር። ስለ አየር ጠባይ ነው ብዬ መዋሸትም እችል ነበር። ግን አፌ ለምዶታልና የሰማሁትን ነገርኩት።

«ያለ ፍርድ ታስረዋል ስለሚባሉ ሰዎች ነው። አንድ ባለሥልጣን ተጠይቀው፣ በጎንደርና በዙሪያው እንደዚህ ያለ እስረኛ አንድም የለም ብለዋል።»

ከመጋዘኑ ውስጥ ሰው ሲያስል ይሰማል። መጀመሪያ አንዱ ጠባቂ ሳቁ አመለጠው፤ አዛዡም ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «እና አንተ ማነህ?» አለኝ እንባውን እየጠረገ። «በሉ፣ ለሌለው መምህር ሻይ ጨምሩለት።» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳልፈልግ አፌ ተከፍቶ ሳቀ። የራሴን ሳቅ ከነሱ ሳቅ መሃል ለይቼ ሰማሁት፤ ከነሱ ሳቅ አይለይም ነበር። ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥኩት።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ሬዲዮዋ ትለፈልፋለች፤ እኔ ዝም አልኩ።

«መምህር፣ ቀጥል እንጂ።»

«የሌለ ሰው አይተረጉምም» አልኩት።

ቀልድ መስሎት እንደገና ሊስቅ ነበር። ፊቴን ሲያይ ተወው። በዚያው ቅጽበት ከሬዲዮዋ ውስጥ የሕዝብ ጩኸት ፈነዳ። ተንታኙ በጥድፊያ ብዙ ነገር ተናገረ፤ አዛዡ አልገባውም፣ እኔ ገብቶኛል። «ጎል ነው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። «ጎል ነው ወይ? ማን ነው ያገባው?» ለአንድ አፍታ ድምፁ የለማኝ ድምፅ ሆነ። ከዚያ ተነሣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም። ብርጭቆዬን አንሥቶ ሻዩን እግሬ ሥር ደፋውና፣ «እንግዲያው ያ ሽማግሌም የለም። የሌለ ሰው ጓሮ አይወጣም» አለ።

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ አያን አላሰብኳቸውም ነበር። ወደ በሩ ወሰዱኝ።

አያ በሩ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። «አለቀ?» አሉኝ።

«አላለቀም፣ አያ። ትቼው መጣሁ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ዜናውን፣ ሳቁን፣ እኔም መሳቄን፣ አዛዡ መጨረሻ ላይ ያለውን። ቤቱ ሁሉ ያዳምጥ ነበር። አያ ሆዳቸውን እንደ ያዙ ግድግዳውን ተደገፉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር።

«የሉም አለ? እኛን?»

«አዎ።»

«እኔንም?»

«ሁላችንንም።»

«አንተም እምቢ አልህ።»

«አዎ። ይቅር በሉኝ፣ አያ። አንቱን አላሰብኩም፤ ለራሴ ብዬ ነው።»

«ምነው፣ ምን አጠፋህና? ሸጋ አርገሃል» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ደግሞ፣ «የሉም ያለው ሰውዬ መጥቶ ያሽትተን» አሉ።

ከዚያ ዞረው ባልዲውን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። «በሉ ልጆቼ፣ ፊታችሁን አዙሩልኝ» አሉ።

ሐጂ ብርድ ልብሳቸውን አነሡ። አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር አንጠለጠሉ፣ ሌላውን ጫፍ በእጃቸው ወጥረው ይዘው ጀርባቸውን ሰጡ። በዚያ በቆሰለ እግር ቆሙ። ሠላሳ ሰው ወደ ግድግዳ ዞረ። ነገር ግን ሠላሳ ሰው ዝም ሲል በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። አያ ከመጋረጃው ጀርባ እንደ ቆሙ ቀሩ። ጋቢያቸው ሲንቀሳቀስ ይሰማናል፣ ተመልሶ ይቆማል። አልቻሉም። ሐጂ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «መምህር፣ ኳሱን ጨርስልን እንጂ። ጮክ ብለህ» አሉ።

መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ሲገባኝ ግንባሬን ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ ጀመርኩ። «ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል፤ ኳሱ መሃል ሜዳ ላይ ነው» አልኩ። «በግራ መስመር ይዞት ሄደ፣ አንድ ሰው አለፈ፣ ሁለት ሰው አለፈ።» የተጫዋቾቹ ስም ሲያልቅብኝ የክፍሉን ሰዎች አስገባኋቸው። ሐጂ ኳሷን በተረከዛቸው አቀበሉ። ሰው ሳቀ። ከዚያ አንዱ «አቀብለኝ» አለ፣ ሌላው «ዳኛው አያይም ወይ» ብሎ ተቆጣ። ጎል ስል ሠላሳ ጉሮሮ አንድ ላይ ጮኸና ቆርቆሮው ተርገበገበ። ጠባቂዎቹ በሩን በሰደፍ ደበደቡት። እኛ በረታን። ዘጠናው ደቂቃ አለቀ ስል በዓይኔ ጥግ ሳያቸው ሐጂ «ገና ነው» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተጨማሪ ሰዓት ሰጠሁ። ያም አለቀ፤ ሐጂ አሁንም ነቀነቁ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ውስጥ ገባሁ። እያንዳንዱ ሰው በየተራው መታ።

በመጨረሻ ከመጋረጃው ጀርባ «በቃ ልጄ፣ ይበቃል» የሚል ድምፅ መጣ። አያ ቦታቸው ደርሰው ጋቢያቸውን ሰብስበው እስኪቀመጡ ድረስ ፊቱን ወደ እሳቸው ያዞረ አንድም ሰው አልነበረም። ባልዲውን ሸፍነው ወደ በሩ ያስጠጉት ሐጂ ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ለትርጉም አልተጠራሁም። አያ ግን በየቀኑ መብላት ጀመሩ፤ ሰዓታቸው ሲደርስ ወደ እኔ ያያሉ፣ እኔም ጨዋታ እጀምራለሁ።

ከተፈታሁ ወዲህ እንደ ቀድሞዬ አስተምራለሁ። አዛዡን አንድ ጊዜ አራዳ አገኘሁት። «መምህር» ብሎ እንደ ልብ ወዳጅ ትከሻዬን ሊመታ እጁን ዘረጋ፣ ሻይ ልጋብዝህ አለኝ። በጎኑ አልፌው ሄድኩ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አንዳንዴም ያንን ዜና አስባለሁ። ያነበበችው ሴት ድምፅዋ ያማረ ነበር፤ የተባለውን ነው ያነበበችው። እኔም የተባለውን ነው የተረጎምኩት። ሁላችንም ሥራችንን ሠራን፤ የሚቀፈኝ ይኸው ነው።

ዘንድሮ አያ ለሕክምና ከደጋ ወርደው ቁስቋም እኔ ቤት አረፉ። ስለ መጋዘኑ እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ። ስለ ገብስና ስለ በጎቻቸው ሲያወሩኝ ዋሉ። ምሳቸውን በደንብ በሉ፣ ውኃም ደጋግመው ጠጡ። ቆይተው ተነሡና ግቢውን በዓይናቸው ቃኙ። ጥግ ያለውን በር በእጄ አመለከትኳቸውና ወደ ቤት ተመለስኩ። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ሲዘጉት ሰማሁ። የሚያቻኩላቸው ማንም አልነበረም።